ካሶኒው የወረደ ቀን

ሰሞኑን ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ቤት እየተሠራ ነው። ትናንት ረፋድ ላይ አንድ ትንሽ ገልባጭ መኪና መጥቶ አሸዋ አራገፈ። መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የኋላው በር ከብረት ጋር ተላተመ፤ ከዚያ የዘይት ሽታ መንገዱን ተሻግሮ ገባ። ለአንዲት ሴትዮ የሳል ሽሮፕ እየሰጠሁ ነበር። ጠርሙሱ ከእጄ አመለጠ።

"ቢስሚላህ! ምነው ልጄ?" አለችኝ።

"ምንም አይደል" ብዬ መጥረጊያ ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። መጥረጊያውን ይዤ ግን እዚያው ብዙ ቆምኩ።

ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነው።

አባቴ እዚሁ ከሚሴ የሒሳብ መምህር ነበር። ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመጠነ፣ በመንገድ ሲያልፍ ጫት የያዘ ሁሉ ጫቱን ከኋላው የሚደብቅለት ዓይነት ሰው። በዚያ ዘመን ከሚሴ ውስጥ ቤት የማይሠራ ሰው አልነበረም። ከቦርከና ወንዝ አሸዋ የሚያመላልሱት መኪኖች በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነበር የሚያልፉት፤ አባቴ ከጥቁር ሰሌዳው ዘወር ብሎ ድምፃቸው እስኪጠፋ ይጠብቃቸው ነበር። ይህን የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው። ቤት ውስጥ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ጡረታ እስክወጣ ጠመኔ ብቻ ስቅም ልኑር?"

አንድ ቀን ጨፋ ውስጥ ዘመድ ጋ የሚረቡለትን ላሞች ሸጠ። እናቴ የመሰላት ጣሪያችንን ሊያድስ ነው። እሱ ግን ከአንድ የቀድሞ ተማሪው ጋር ኮምቦልቻ ሄዶ ማታውን በራችን ላይ አንድ አሮጌ ትንሽ ገልባጭ አቆመ። ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ፣ አንድ መብራቱ ከሌላው ዝቅ ያለ፣ ቁና ቁና የሚተነፍስ መኪና ነበር። እናቴ ወጥታ መኪናውን ዙሪያውን አየችው።

"ላሞቹስ?" አለች።

አባቴ የሞተሩን ክዳን መታ መታ አደረገና "ላሞቹ ይህቺው ናት" አላት።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ብላ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ "እስቲ ስትታለብ አያለሁ" አለች። አባቴ ሳቀ። እንዲያ ከልቡ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ የእናቴን ድንጋጤ ትቼ እሱን ስመለከት ቀረሁ።

አብሮት የሄደው ተማሪ ሹፌራችን ሆነ። የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው፤ ያኔ ሃያ አራት ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ከአፉ ዜማ የማይጠፋ፣ አማርኛውን ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ፣ አባቴን እንደ ክፍል ውስጥ "መምህር" እያለ የሚጠራ ልጅ። አባቴ ምንም ቢለው "እሺ መምህር" ነው መልሱ። ሒሳብ ወድቆበት እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ። "አልጀብራ ጥሎኝ መሪ አነሳኝ" ይል ነበር።

ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ፣ "እኔም ልሂድ" ብዬ አስቸገርኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ "ሴት ልጅ ወንዝ ለወንዝ ከገልባጭ ጋር ምን ትሠራለች?" አለች። አባቴ ግን ጋቢናውን ከፈተልኝ። መሀል ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ እስከ መጨረሻው አይዘጋም ነበርና የጨፋ ንፋስ ገብቶ ሻሼን ያንሳፍፈዋል። በግራም በቀኝም ማሽላው እሸት ይዟል፤ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ከማማቸው ላይ እጃቸውን ያወዛውዙልናል፤ አባቴም እንደ ሹም እጁን አንስቶ ይመልሳል። ሹፌሩ የማርሹን፣ የፍሬኑን፣ የሁሉንም ስም እየነገረኝ ሄደ። ከወንበሩ ጎን ወዳለች አንዲት አጭር ማንሻ ሲደርስ "ይቺ ካሶኒውን የምታነሳና የምታወርድ ናት" አለኝ፤ አሸዋ የሚጫንበትን የኋላውን ሳጥን ማለቱ ነው። "ይቺን አትነኪ።"

ወንዙ ዳር ስንደርስ አሸዋ ጫኞቹ ምሳ ለመብላት ራቅ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሹፌሩ ወርዶ በመኪናው ሥር አጎነበሰ። ከአንድ ቱቦ መጋጠሚያ ዘይት ይንጠባጠባል። ባዶውን ካሶኒ ወደ ላይ አነሳው፣ ሞተሩን አጠፋና ዙሪያውን ማማተር ጀመረ።

"ምን ትፈልጋለህ?" አለው አባቴ።

"እንጨት፣ መምህር። ሳልደግፈው ሥሩ አልገባም።"

"ለአንዲት ብሎን? ጫኞቹ ሳይመለሱ ጠበቅ አድርገሃት ውጣ እንጂ።"

ሹፌሩ ቆም አለ። ወደ ላይ የተገተረውን ካሶኒ አየ፣ አባቴን አየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ "እሺ መምህር" አለና የመፍቻ ሳጥኑን ካሶኒው የሚያርፍበት የብረት አግዳሚ፣ ሻንሲው ላይ አስቀምጦ ገባ።

እኔ ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻገርኩ። መሪውን ያዝኩ፤ በፀሐዩ ሞቋል። በመስኮቱ በኩል አባቴ ለሹፌሩ መፍቻ ሲያቀብለው ይታየኛል። ከዚያ ዓይኔ ማንሻዋ ላይ አረፈ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ሞተር ከጠፋ ምንም አይሠራም ብዬ አሰብኩ። የመምህር ልጅ አይደለሁ፣ አስቤ ነው። ወደ ታች ገፋኋት።

ከኋላዬ ዘይቱ እንደ ረጅም ትንፋሽ "እፍፍፍ" አለ። ወዲያው መኪናው ከነእኔ ተንቀጠቀጠ፤ ብረት ብረትን መታ።

ከዚያ ዝም። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ያን ዝምታ ነው። ወንዙ መፍሰሱን አላቆመም፤ ዋርካው ሥር አንድ ሰው ይስቃል። መስኮቱን አያለሁ፣ አባቴ ከቦታው የለም። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። ቃል አልነበረም። ትከሻውን ከካሶኒው ሥር ሰክቶ፣ ያ የተተኮሰ ሸሚዙ ጥቁር ዘይት ለብሶ፣ ያን ሁሉ ብረት በጀርባው ሊያነሳ ያቃስት ነበር። ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

ቀጥሎ የሹፌሩ ድምፅ ከሥር መጣ። ረጋ ያለ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ያስደነገጠኝ እርጋታው ነው።

"ጋቢና ውስጥ ማነው?"

"እኔ" አልኩ።

"እሺ እህቴ። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ክንዴን ነው የያዘኝ፤ ጭንቅላቴ ደህና ነው። ካሶኒውን የመፍቻው ሳጥን ይዞልኛል። ቁልፉ አለ?"

"አለ።"

"ወደ ፊት አዙሪው። ማርሹ ባዶ ነው፣ መኪናው አይሄድም። ሲነሳ አትደንግጪ።"

በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩት። ሞተሩ አጓርቶ ጠፋ። እንደገና አዞርኩ። ተነሳ።

"ጎበዝ። አሁን ማንሻዋን ወደ ላይ ሳቢ። ነዳጁን በትንሹ ርገጪ። ሱታ... ቀስ... ሱታ..."

ወደ ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እጄ ግን ላይና ታችን ረሳ። "የቱ ነው ላይ?" ብዬ ጮህኩ። ከሥር አጭር ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማኝ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። "ሰማዩ ያለበት" አለኝ። ሳብኩት። ካሶኒው እየተንገጫገጨ ተነሳ።

ስወርድ ሹፌሩ በጉልበቱ ወጥቶ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ደግፎ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው እያየው ነበር። ስላየሁት ነገር ብዙ አልናገርም። ቀና ብሎ አባቴን አየና "መምህር፣ ቁጭ ይበሉ፣ ይወድቃሉ" አለው።

ጫኞቹ ሮጠው ደረሱ። አንዱ ነጠላዬን ነጥቆኝ ክንዱን ጠቀለለው፤ ሌላው መኪና ሊያስቆም ወደ አስፋልቱ ከነፈ። አንድ ሽማግሌ ጫኝ "ማነው ያወረደው?" ብሎ ጮኸ። አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። ወደ እኔ አልዞረም። "እጄን በመስኮቱ አስገብቼ የነካሁት እኔ ነኝ።"

አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። አባቴ ለእናቴም፣ ለፖሊስም፣ ለሹፌሩ እናትም ያንኑ ቃል ደገመው። በመጨረሻ የተጣላ የሚያስታርቁት የአካባቢው አበጋር ሁለቱን ቤተሰብ ሮቢት ላይ አስቀመጡ። አባቴ በሰው ሁሉ ፊት ባዶ እግሩን ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ፤ መኪናውንም በሙሉ ለሹፌሩ ሰጠ። የሹፌሩ እናት አልቅሳ አባቴን ከመሬት አነሳችው። አበጋሩም መረቁ። ሁሉም "አሚን" ሲል እኔ ከሴቶቹ መሀል ሻሼን ነክሼ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከአባቴ ጋር በአንድ ቤት ብዙ ዓመት ኖርን፤ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ወደ ጠመኔው ተመለሰ። አንዳንዴ እያጠናሁ ቀና ስል ሲያየኝ አገኘዋለሁ፤ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ይመልሳል። አይወደኝም፣ ጠልቶኛል ብዬ ነበር የማስበው። ዛሬ ልነግረው፣ ነገ ልነግረው ስል ጊዜው ሄደ። አምና ዐረፈ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። ሹፌሩ መኪናውን ጥቂት ዓመት በሌላ ሰው ካሠራ በኋላ ሽጦ ወደ ፍየል ንግድ መግባቱን ሰምቼ ነበር። ከአፋር በመጡ ነጋዴዎች መሀል አገኘሁት። ጺሙ ሸብቷል። ስለ አባቴ አላህ ይማራቸው አለኝ፤ ቀብር ላይ መጥቶ እንደነበር አስታወሰኝ። እኔ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልመልስ "ያን ቀን ማንሻዋን የገፋኋት እኔ ነኝ" አልኩት።

የፍየሎቹን ገመድ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

"ታዲያ ያን ቀን ከማን ጋር ነበር የማወራው?" አለኝ። "ጋቢና ውስጥ ከአንቺ ሌላ ማን ነበር?"

የገበያውን አጥር ያዝኩ።

"መምህር በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል መጥተው ነገሩኝ" አለ። "‘ልጄ ናት፤ ይሄን ተሸክማ እንዳታድግ’ አሉኝ። እሺ መምህር አልኳቸው። ቀጥለው ደግሞ ‘የዋሸሁ እንዳይመስልህ፤ አንተ እንጨት ስትለኝ እምቢ ያልኩህ እኔ አይደለሁም ወይ?’ ብለው አለቀሱ። መምህር ሲያለቅሱ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም" አልኩት።

"እኔም ያኔ ነው ያየሁ። ከእጄ ይልቅ ያ ነው ያስደነገጠኝ።"

ከመስጊዱ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። የፍየሎቹን ገመድ አጥሩ ላይ አሰረና ከጥግ አንድ ቢጫ ጀሪካን በእግሩ ገፋ አደረገልኝ።

"ነይ፣ ውሃ አፍሺልኝ፤ ውዱእ ላድርግ" አለኝ። "ብቻዬን ሲሆን ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀረው።"

ጀሪካኑን አነሳሁ። ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። እስኪጨርስ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩለት።