አውድማ ያልረገጠው ትራክተር

መሐል ሜዳ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ የሚያዝያ ሰኞ ጠዋት ነው። ከደብረ ብርሃን ይዤው የመጣሁት ንብረት ቢኖር አንድ የመፍቻ ሣጥን ነበር። የጋራዡ ኃላፊ አቶ ጌታቸው ደብዳቤዬን ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

“ይህን ትጠግናለህ?” አሉኝ።

ቀለሙ የለቀቀ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ትራክተር ቆሟል። ከቀድሞው አምራቾች ማኅበር ተርፎ ለቀየት አካባቢ ገበሬዎች ማኅበር የደረሰ ነው። መቀመጫው ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። ሸምገል ያሉ ሰው የፊት መብራቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። እሳቸው ኦፕሬተሩ፣ አቶ ደምሴ፣ ነበሩ።

“ዶሮዋን እንዳትነካት። ሦስት ቀን ነው የቀራት” አሉኝ። ሰላምታችን ይኸው ሆነ፤ ሦስቱንም ቀን ከትራክተሩ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስሠራ ዋልኩ።

ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ማኅበሩ አዲስ የገብስ መውቂያ ማሽን አግኝቷል። ማሽኑ ሞተር የለውም፤ ከትራክተር ኋላ ተንጠልጥሎ፣ በትራክተሩ ጉልበት የሚዞር ነው። ኮሚቴው ደግሞ ቆርጧል። ትራክተሩ የዘንድሮን የበልግ ገብስ ከወቃ ይቆያል፤ ካልወቃ ለውዳቂ ብረት ይሸጣል። በእኛ ደጋ የበልግ ገብስ የሚደርሰው ክረምቱ ደጅ ላይ ሲቆም ነው። ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው በጥቂት ፀሐያማ ቀን ነው፤ ያመለጠው እዚያው ክምሩ ላይ ይበቅላል።

“ልቡ እኮ ደህና ነው” አሉ አቶ ደምሴ፣ ሞተሩን እየደባበሱ። “ወገቡ ነው የለቀቀው። መሬቴን ለልጆቼ አካፍያለሁ፤ በሬም የለኝ። እሱን ሲሸጡ እኔንም እላዩ ላይ ጭነው ይሽጡኝ።” ሳቁ። እኔ ግን ሳቃቸው አላማረኝም።

ወገብ ያሉት ሃይድሮሊኩን ነው። ከትራክተሩ ኋላ ያሉት ክንዶች መውቂያውን አንሥተው መያዝ አለባቸው። በድሮው አሠራር ክንዶቹን የሚያነሣው ፖምፓ የሚዞረው፣ መውቂያውን በሚያዞረው የኋላ ዘንግ ነው። ዘንጉን እኛ ፒቲኦ እንለዋለን። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሁለቱም ይቆማሉ። መውቂያውን ላንሣ ካልክ ዘንጉ መዞር አለበት፤ ዘንጉ ከዞረ ደግሞ መውቂያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል። በዚያ ላይ የሲሊንደሩ ማሸጊያ ጎሚኒ አልቆ፣ ያነሣውን ወዲያው ይለቀዋል።

“ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ይሰግዳል። ጾም መቼ እንደሚፈታ አልነገሩትም” ይሉ ነበር አቶ ደምሴ።

ለፖምፓው መላ አገኘሁ። ጋራዡ ጓሮ ተጋጭቶ የቆመ ገልባጭ መኪና ነበር። አቶ ጌታቸውን ፖምፓውን ልፍታው አልኳቸው።

“እሱ ወረቀት ይፈልጋል” አሉኝ።

“ወረቀቱ እስኪመጣ ክረምቱ ይመጣል፣ ጋሼ።”

ሰማዩን አዩ። “እኔ አላየሁም” አሉና ጀርባቸውን አዙረው፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ ወደ ኋላ አቀበሉኝ።

ፖምፓውን ከሞተሩ ፊት አስሬ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ እንዲዞር አደረግኩ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ እስከተነሣ ድረስ ክንዶቹ ይሠራሉ፤ ከፍሪሲዮኑም ከፒቲኦውም ተፋቱ። ጎሚኒዎቹን በአዲስ ለወጥኩ። የፒቲኦው ጫፍ ለመውቂያው ቀጭን ስለነበር ደብረ ብርሃን ወርጄ፣ ብረት ከሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ማጋጠሚያ አሠራሁ። ሁሉን ገጥሜ ስጨርስ ራሴን እንደ መሐንዲስ ቆጠርኩት።

ግቢ ውስጥ ልንሞክረው ወጣን። አቶ ደምሴ መውቂያውን አነሡት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። አጨበጨብን። “እስቲ ደግሞ እያዞረ ይሂድ” አልኩ። ማርሽ አስገብተው ተንቀሳቀሱ።

“ያቁሙት!” አልኩ አጥሩ ሲቀርብ።

ፍሪሲዮን ረገጡ። ትራክተሩ አልቆመም። የመውቂያው ከባድ ከበሮ በጀመረው ፍጥነት እየዞረ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው ጎማውን። ትራክተሩ የአቶ ጌታቸውን የጎመን መደብ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አጥሩ ላይ ተደገፈ።

“ኧረ ይሄ ሰውዬ እምቢ አለኝ!” ይላሉ አቶ ደምሴ ከላይ ሆነው።

አቶ ጌታቸው ከቢሮ ወጥተው ጎመኑን አዩ፣ እኔን አዩ። “ምሳ ጎመን ነው” ብለው ተመለሱ። እኔ ግን ሄጄ የተገፋውን አጥር አየሁ። በአጥሩ ፈንታ ሰው ቢሆንስ?

በማግስቱ እንደገና ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ማጋጠሚያው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ጥርስ አስገባንበት። ብስክሌት ላይ እግርህን ብታሳርፍ ጎማው እየዞረ ፔዳሉን እንደማይገፋው ማለት ነው። ትራክተሩ መውቂያውን ያዞራል፤ መውቂያው ትራክተሩን መግፋት አይችልም። ደግመን ስንሞክር ከቀረው ጎመን አንድ ቅጠል አልተነካም።

ሰኔ ገባ። የመውቂያ ተራ ዕጣ ሲወጣ የመጀመሪያው ክምር የመምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ሆነ። መምሬ ቄስም ገበሬም ናቸው፤ እሳቸው ያልተቀበሉትን ነገር በዚያ አገር የሚቀበል የለም። መውቂያውን አንጠልጥለን ከመሐል ሜዳ ተነሣን። በየመንገዱ እየወረድኩ ከመሬት ያለውን ርቀት በስንዝር ለካሁ። ቀየት እስክንገባ ጣት ታህል ዝቅ አላለም። አቶ ደምሴ ከደስታ ብዛት ላገኙት በግ ሁሉ ክላክስ ይነፋሉ።

አውድማው ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ፣ በእበት ተለቅልቆ የደረቀ፣ ንጹሕ ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። አቶ ደምሴ ትራክተሩን አዙረው ወደ ኋላ ሲያስጠጉ መምሬ መቋሚያቸውን አንሥተው ፊት ለፊት ቆሙ።

“አውድማ በጫማ ነው እንዴ የሚገባው?”

እግሬን አየሁ። ሰው ሁሉ ሲያወልቅ አይቼ አውልቄ ነበር። “አውልቄአለሁ፣ መምሬ” አልኩ።

“አንተን መች አልኩ? እሱን ነው!” የትራክተሩን ጎማ በመቋሚያቸው ነኩት።

ሰው ሳቀ። መምሬ ግን አልሳቁም። “በሬ ባዶ እግሩን ነው የሚያበራየው። ይህ ጎማ በየመንገዱ ምን ሲረግጥ እንደመጣ ማን ያውቃል? እዚህ የሚወርደው በረከት ነው። አይገባም።”

ሳቁ ቆመ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሰማዩን አየ፤ ደመናው ከወዲያ ማዶ እየተከመረ ነው። “እንግዲህ በበሬ ይወቃ” አለ ቀስ ብሎ። የአቶ ደምሴ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ስለ ፖምፓ፣ ስለ ጎሚኒ፣ ስለ ጥርስ ሁለት ወር አስቤአለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አውድማ ሄጄ አላየሁም፣ አንድ ሽማግሌ አልጠየቅኩም። አፈርኩ።

አቶ ደምሴ ከመቀመጫቸው ወረዱ። ወደ ኋላ ዞረው የተንጠለጠለውን መውቂያ ጎንበስ ብለው አዩ።

“መምሬ” አሉ፣ “ልክ ነዎት፣ ትራክተሩ ጫማ አለው። መውቂያው ግን ባዶ እግሩን ነው።”

እውነት ነው። መውቂያው የሚቆመው በአራት የብረት እግር ነው፤ ጎማ የለውም።

“እሱ እግሩን ታጥቦ ይግባ፤ እኔና ጎማዬ ከድንጋዩ ውጭ እንቆማለን።”

መምሬ ጎንበስ ብለው አራቱን የብረት እግር አንድ በአንድ በመቋሚያቸው ነኩ። ከዚያ “ውሃ አምጡ” አሉ።

አቶ ደምሴ እስከ ድንጋዩ አስጠግተው ክንዶቹን እስከ መጨረሻው አነሡ። የድሮው ወገብ ይህን አይችልም ነበር። እኔ ከማሽኑ ሥር ወፍራም ግንድ ደርድሬ ሳልጨርስ ሰው አላስጠጋሁም፤ በተንጠለጠለ ብረት ሥር እጅ የሚሰደደው ብረቱ ቢወርድ የሚያርፍበት ሲኖር ነው። መምሬ ራሳቸው በጣሳ እያፈሰሱ አራቱንም እግር አጠቡ።

“ኧረ መምሬ፣ ጸሎተ ሐሙስ እኮ አለፈ!” አሉ ባለቤታቸው ከሴቶቹ መሐል። ያን ጊዜ መምሬም ሳቁ፣ ጣሳው ከእጃቸው እስኪወድቅ።

ግንዱን አወጣሁ፤ አቶ ደምሴም ጥቂት ወደ ኋላ አስጠጉ። መውቂያው ድንጋዩን ተሻግሮ ቀስ ብሎ አውድማው ላይ አረፈ። ጎማዎቹ ከውጭ ቀሩ። አቶ ደምሴ ፒቲኦውን አስገቡ፤ ከበሮው ጮኸ፤ ነዶው በአንድ በኩል ገባ፣ ገብሱ በሌላው ወረደ። ዝናቡ የመጣው የመጨረሻው ስልቻ ጎተራ ከደረሰ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ነጠላውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ “ቀጣዩ ባለ ዕጣ ማን ነው?” አለ። ስለ ውዳቂ ብረት ከዚያ ቀን ወዲህ ያነሣ ሰው አልሰማሁም። አቶ ደምሴ ጫማቸውን አውልቀው አውድማው መሐል ገቡና ዝናቡ እየመታቸው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትራክተሩ ከዚያ በኋላ ብዙ በልግ ወቃ፤ አንድም አውድማ አልረገጠም።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህን ነው። ማሽን ከመፍታታችሁ በፊት የሚሠራበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ፤ ባለቤቱንም ምን እንደማይፈቅድ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር። ሥራዬን ያዳነው ኦፕሬተሩ ነው።