የጸጥታ ባሕር ያለበት ካርታ

በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከአንድ የአማርኛ አስተማሪ ጋር ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ምን እንደሚያዳምጥ ጠይቄው አላውቅም። ያኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም።

አንድ ቀን ስለ እሳተ ገሞራ ሳስተምር፣ ጨረቃ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ ተማሪዎች ጠየቁኝ። ቤት ገብቼ ከአንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ የጨረቃን ካርታ በትልቅ ወረቀት ሣልኩ። ጥቁሮቹን ቦታዎች የጥንት ሰዎች ባሕር ይሏቸው ስለነበር ስማቸውን ወደ አማርኛ መለስኩ፤ የዝናብ ባሕር፣ የጸጥታ ባሕር። ሰው ያረፈበትን ቦታ በቀይ እርሳስ ነጥብ አድርጌ «ማረፊያ» ብዬ ጻፍኩበት። የቤት ጓደኛዬ በትከሻዬ በኩል ቆሞ ሲያነብ አንዷ ቃል ላይ ዓይኑ ቆየ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባ።

ካርታው ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ሳምንት ሳይሞላው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ ካርታዬን ይዤ እንድከተለው ነገረኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ካርታውን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው።

«ይሄ ባሕር የት ነው ያለው?»

«ጨረቃ ላይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጨረቃ ላይ ባሕር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ የሌለውን ለምን ጻፍክ?»

ውኃ እንዳልሆነ አስረዳሁት። ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት ከጨረቃ ሆድ ቅልጥ ድንጋይ ፈስሶ ሰፋፊ ጉድጓዶችን ሞላ፤ ከዚያ ረጋና ጠቆረ፤ ከሩቅ ያዩት ሰዎች ባሕር መሰላቸው አልኩት። ሰማኝ፤ ጣቱ ግን ከአንድ ቦታ አልተነሣም።

«የማን ጸጥታ ነው?»

በዚያን ጊዜ ጸጥታ ማለት ሰው የሚሰልልና የሚያስር መሥሪያ ቤት ነበር።

«እርጋታ ለማለት ፈልጌ ነው።»

«እርጋታ ለማለት ፈልገህ ለምን ጸጥታ አልክ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ጣቱን ወደ ቀዩ ነጥብ ወሰደ። «ማረፊያ ይላል። የእኛም አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ከተማው መሀል ነው።»

«ሰዎች ጨረቃ ላይ ያረፉበት ነው።»

«የየት አገር ሰዎች?»

«አሜሪካኖች» አልኩና ወዲያው ጨመርኩ፤ «ሶቭየቶችም ሰው የሌለበት መንኮራኩር ልከው አፈር አምጥተዋል። ሁለቱም ያገኙት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው።»

ለተማሪዎቼ የማሳየው፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከወይጦ መንገድ ያመጣልኝ ጥቁር ድንጋይ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሊቀመንበሩ ቦምብ ያየ ይመስል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ተነሥተው አነሡት። የጋዘር አካባቢ የአሪ ገበሬ ናቸው፤ ለገበሬ ማኅበራቸው ፍርድ ሸንጎ ተመርጠው በዚያ ጉዳይ ነው ከተማ የሚመላለሱት። በአውራ ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉት።

«ይሄ ወፍጮ ድንጋይ ነው» አሉ በዝግታ። «እኛ ቤት አለ። በዚህ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሩቅ ማያ መነፅር አወረደና ወደ ውጭ አወጣኝ። ጀምበር ገና አልጠለቀችም፤ ጨረቃ ግን በምሥራቅ በኩል ብቅ ብላ ነበር። ብዙ ተመለከተ።

«አሁንም ይፈላል?»

«በርዷል።»

«ማን አበረደው?»

«በራሱ ጊዜ ነው የበረደው።»

«ይህንኑ ጻፍና ፈርም» አለኝ። ጽፌ ፈረምኩ። ካርታውን አስቀርቶ ለቀቀኝ፤ ሳይመሽ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ነገረብኝ? ስሥል ያየኝ የቤት ጓደኛዬ ነው። ዓይኑ የቆየባት ቃል ጸጥታ የምትለዋ መሆኗን እርግጠኛ ሆንኩ። ለክፍሌ ቁልፍ ገዛሁ፤ አብሮ መብላቱም ቀረ። እሱም እኔ ስገባ ሬዲዮውን መዝጋት ጀመረ፤ ይህ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ሃና ወደምትባል ራቅ ያለች ከተማ ተዛወረ። ዕቃውን ጭነት መኪና ላይ ሲጭን በመስኮት እያየሁት ደህና ሁን አላልኩትም።

በዓመቱ ጋዘር ገበያ ላይ እኚያን ሽማግሌ አገኘኋቸው።

«ካርታህን መለሱልህ?» አሉኝ።

«አልመለሱም፣ አባባ። ለመሆኑ ማን ነበር የነገረብኝ?»

«ክፉ አስቦ የነገረብህ የለም። አንዷ ተማሪህ ደብተር ላይ ገለበጠችው። አባቷ አየ። እሱ የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ለልጁ ፈራ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ሳያይባት ደብተሩን ራሱ ቀበሌ አመጣው።»

ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር የዘጋሁት ሰው ምንም አላደረገም ነበር። ወደ ሃና መኪና የሚሄደው አልፎ አልፎ ስለነበር፣ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌ በሾፌር እስክልክ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰኝ። «ቃሏን አይቻት ነበር» ይላል። «ላርማት ፈልጌ፣ ነገ ማን አረመው ቢሉስ ብዬ ፈራሁ። በዚያ ቀን ሳይመሽ ስትመለስ ደግሞ፣ ከቀበሌ እንዲህ በቶሎ የሚወጣ የለምና እኔን ልትሰልል ተስማምተህ የወጣህ መሰለኝ። ዝውውሩን የጠየቅኩት ራሴ ነኝ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ፖስታውን ገልብጬ ሳየው፣ ከእኔ በፊት ተከፍቶ እንደገና የታሸገ መሰለኝ። መልስ ስጽፍለት ስለ ጤንነቴና ስለ ዘንድሮው ዝናብ ብቻ ጻፍኩለት።