ሦስተኛው መደዳ ላይ የምትተኛው ልጅ

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አካባቢ ባለ አንድ የስደተኞች ሰፈር ሥራዬ መምህራንን መገምገም ነበር። ቅጼን ይዤ በየክፍሉ እገባለሁ። ለጠመኔ አያያዙ፣ ለትምህርት ዕቅዱ፣ ለተማሪው ተሳትፎ፣ ለሁሉም ነጥብ አለው። የሰፈሩ ሰው ሙዲር ይለኛል፤ አለቃ ማለቱ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ጠዋት ሁለተኛ ክፍል ገባሁ። መምህርቷ ከመተማ በኩል የመጣች፣ ዕድሜዋን በማስተማር የፈጀች ሴት ናት። ሦስተኛው መደዳ ላይ አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ የመምህርቷን ነጠላ ተከናንባ ተኝታለች። ሌሎቹ ልጆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነባሉ።

ደሜ ፈላ። የልጅቱን ትከሻ ይዤ ነቀነቅኋት። ብንን ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ሽንቷ አመለጣት። ከልጆቹ አንድም የሳቀ የለም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ግን ልስምም አልነበረም የገባሁት።

መምህርቷ ወደ ውጭ ጠራችኝና ታጣቂዎች አባቷን ከአጠገቧ ከወሰዱት ወዲህ ልጅቱ ማታ ማታ ዓይኗን እንደማትከድን ነገረችኝ።

«እንቅልፍ የሚወስዳት እዚህ ብቻ ነው፣ ወንድሜ። ስትነሳ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ታነባለች።»

ቅጹ ላይ ለእንቅልፍ ነጥብ የለም አልኋት። «ተማሪ ሲተኛ ዝም ትላለች» ብዬ ጻፍሁና ዜሮ ሰጠኋት። በወሩ መጨረሻ ከሥራ ተሰናበተች። በምትኳ የመጣው መምህር ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማል፤ ማንንም አያስተኛም። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ቀረች። የቀሩትን መከታተልም የእኔው ሥራ ነበርና መጠለያቸው ድረስ ሄድሁ። እናትየዋ ደጅ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ልጅቱ ዓይኗ ቀልቶ፣ ያንኑ ነጠላ አቅፋ ተቀምጣለች። መምህርቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገላባት የሚሄድ መኪና ላይ ስትወጣ ትታላት ነው የሄደችው። ልጅቱ ስታየኝ ከእናቷ ጀርባ ገባች።

ስለ ትምህርት ጥቅም ረጅም ዲስኩር አወረድሁባቸው። እናትየዋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ፊደሉንስ እኔም አስቆጥራታለሁ፣ ሙዲር። እኔ የምልካት እንድትተኛ ነበር።»

አፍሬያለሁ፤ ማፈሬ ግን እጄን አልያዘውም። ቅጹ የቀረችበትን ምክንያት ይጠይቃል። እዚያው ፊታቸው ቆሜ «የወላጅ ግንዛቤ ማነስ» ብዬ ሞላሁት።