ዐብደላ የሰጠው ቀጠሮ

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ ከዐብደላ ጨርቅ ቤት ደጃፍ፣ አንድ አባት ሴት ልጁን ይዞ ጨርቅ ሳይነካ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ ወዲያ ወዲህ ሲል ያየ ሰው ጉዳዩ የጨርቅ እንዳልሆነ ይገባዋል። ልጅቱ እግር ኳስ ትጫወታለች። ከሩቅ የመጣ አሰልጣኝ አይቷታል፤ ኮሌጅ ገብታ ትማራለች፣ ለኮሌጁም ትጫወታለች ብሏል። አባት ይስጥ ይከልክል ግራ ገብቶታል። «ዐብደላን አማክረው» ብለው ልከውታል።

ዐብደላ አባትየውን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና ሥራውን ይቀጥላል። ስለ ኳስ የሚያውቀው ነገር ይህን ያህል አይደለም፤ ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ ማንም ሊያስረዳው አልቻለም። ምክሩ ግን ሰው ላይ ታይቷል። አንድ አመል ብቻ አለው። ልጅቱ ሳትመልስለት ከአባቷ ጋር ቃል አይነጋገርም። «አንቺስ ትፈልጊያለሽ?» ይላታል። አንዳንዷ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ይጠብቃታል። ገበያተኛ ቢመጣም፣ አባትየው ቢቁነጠነጥም ይጠብቃታል። አመሉ ከየት እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል፤ እሱ ግን አያወራውም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊያወራለት ግድ ነው።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ሴት ልጁ ፈህሚያ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ለትምህርት ቤቱ ቡድን ትጫወታለች። እናቷ ዙበይዳ ከሱቁ ጥቁር ጨርቅ ወስዳ ረጅም ሱሪ ሰፍታላታለች፤ ሻሿን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ከመስጊድ ሲወጡ አንዳንዱ ሰው «ልጅህ እኮ…» ብሎ ይጀምርና የዐብደላን ፊት አይቶ ይተወዋል። ዐብደላ አልከለከለም፣ አልፈቀደምም። መከልከልም መፍቀድም ጊዜ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሱቅ ነበረበት።

አንድ ቀን ብቻ አይቷታል። ከአዘዞ በባጃጅ ሲመለስ ሜዳው አጠገብ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ። ፈህሚያ ኳስ ይዛ ወደ ግቡ ቀርባ ነበር። መምታት ስትችል ቀና ብላ አየችና ከእሷ የተሻለ ቦታ ላይ ለቆመችው ልጅ ሰጠቻት። ግብ ሆነ። ሌሎቹ ተቃቅፈው ሲዘሉ እሷ ሻሿን እያስተካከለች ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዐብደላ ኮራባት። ቤት ሲገባ ግን ስለ መንገዱ መዘጋጋት ብቻ አወራ።

በዚያ ዓመት ግንቦት የትምህርት ቤቶች ውድድር ጎንደር ላይ ተደረገ። ከደቡብ፣ ከአንድ የመምህራን ኮሌጅ፣ ሀብተሥላሴ የሚባል አሰልጣኝ ተጫዋች ፍለጋ መጥቶ ነበር። ሦስት ጨዋታ ተመልክቶ ሲያበቃ ክንዱ የሚባለውን የስፖርት መምህር «ያቺ ሻሽ ያሰረችው የማን ልጅ ናት?» አለው። ክንዱ ጎንደሬ ነው፣ ወግ ያውቃል። ሰው ቤት ለሴት ልጅ ጉዳይ ብቻን አይኬድም ብሎ አንድ ሽበታም መምህር ጨመረና ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሆነው ዐብደላ ቤት ገቡ።

ሦስት ወንዶች ጫማቸውን አውልቀው፣ በዕድሜያቸው ተራ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ሽበታሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ሻዩን ያቀረበችው ፈህሚያ ራሷ ናት። አሰልጣኙ ነገሩን ሳያንዛዛ ተናገረ። ሦስት ዓመት ተምራ አስተማሪ ሆና ትወጣለች፣ መኝታና ምግብ ከኮሌጁ ነው፣ ለቡድኑ ትጫወታለች። «ልጅዎን ይፍቀዱልን» አለ።

ዐብደላ ልቡ እዚያው ፈቅዶ ነበር። ጥያቄም አላጣም። የት ነው የምታድረው? ጉልበቷ ቢሰበር ማን ያሳክማታል፣ ትምህርቷስ ይቀጥላል ወይ? ዋናው የምስክር ወረቀቷ በማን እጅ ይቀመጣል? በእሷ ቦታ የሚጫወቱ ስንት አሉ? ደግሞ ከአሰልጣኙ ሌላ፣ እዚያ ያለች አንዲት ተጫዋች በስልክ ታገናኙኛላችሁ? አምስቱም ምላሱ ላይ ነበሩ። ግን የመጀመሪያ ቀን ነው። ሴት ልጁን በመጀመሪያው ቃል የሚሰጥ ሰው ልጁ የከበደችው ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥያቄ የሚደረድርም እንደ ገበያ የሚከራከር ነው። የመጀመሪያ ቀን ሻይ ይጠጣል፣ ምስጋና ይደርሳል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። የእሱ ሽማግሌዎችም ዙበይዳን ሲጠይቁ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ልጅ ተከብራ የምትወጣው እንዲህ ነው።

«መልካም» አለ ዐብደላ ፊቱን ሳይፈታ። «ቤተ ዘመድ አለ። እንማከርና የዛሬ ሳምንት፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ተመለሱ።»

አሰልጣኙ ክንዱን አየው። ክንዱ ምንጣፉን አየ። እንግዳው ስልክ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ከሻይ ብርጭቆው ሥር አስቀመጠና ተሰናበተ። መንገድ ላይ «አልፈለጉም ማለት ነው» አለ። ክንዱ፣ የለም፣ እሺ ማለታቸው ነው አለው። አሰልጣኙ ግን ሰኞ ይሳፈራል፣ የያዘውም ቦታ አንድ ብቻ ነው። ክንዱ ይህን ለዐብደላ ተመልሶ አልነገረም። ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው የልጅቱን አባት ቶሎ በል አይለውም። ይህን ራሱ ክንዱ የተናገረው ዓመት ቆይቶ ነው።

ዐብደላ ያን ቀን በደስታ ነው የዋለው። ለፈህሚያ ምንም አላላትም። ሻይ ስታቀርብ ሰምታለች፣ ምን ይነገራታል ብሎ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ነው። አያ ውዱ ሱቅ መጣ። የድብ ባሕር ገበሬ ነው፤ እህሉን ከሸጠ በኋላ አቡጀዲ የሚገዛው ከዐብደላ ዘንድ ነው። ልጁ ዓይናዲስ ጎንደር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ከፈህሚያ ጋር አንድ ቡድን ናቸው።

«አያ ዐብደላ፣ አንተ የከተማ ሰው ነህ» አለ። «ያ አሰልጣኝ ዛሬ ጠዋት ልጄን ልውሰዳት አለኝ። ምን ልበለው?»

ዐብደላ አሰልጣኙ ብዙ ልጅ የሚወስድ መሰለው። ሁለቱ አብረው ከሄዱማ እሰየው ብሎ አምስቱንም ጥያቄ አንድ በአንድ አስጠናው። ውዱ በጣቱ እየቆጠረ ደገማቸው። «ታዲያ ለሁለተኛው ቀን አቆያቸው» አለው ዐብደላ። ውዱ ሳቀ። ሁለተኛ ቀን ከየት ይመጣል፤ ወደ ድብ ባሕር የሚመልሰው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ውዱም ወግ አጥቶ አይደለም፣ መኪናው ነው። ሮጦ ሜዳው በር ላይ አሰልጣኙን አገኘው። እዚያው እንደቆመ አምስቱንም ጠየቀው። አሰልጣኙ ገርሞት ሁሉንም መለሰ፤ ከኮሌጁ አንዲት ተጫዋች ጋርም በስልክ አገናኘው። «ሸጋ፣ ውሰዳት» አለ ውዱ፣ ወደ መኪናው እየሮጠ።

ዓርብ ዐብደላ ከጁምዓ በቀጥታ ቤቱ ገባ። ሱቁን አልከፈተም። ዙበይዳ ሳምቡሳ ጠብሳለች፣ ምንጣፉ ተራግፏል። ጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል አስይዟቸዋል፤ ጉልበቱ ይቅደም ወይስ መኝታው ሲል ቆይቶ መኝታው ይቅደም ብሏል። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። የዓስርን ሶላት ሰገደ። ሳምቡሳው ቀዘቀዘ። ዙበይዳ ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ነው፣ ደውልላቸው አለችው። የሴት ልጅ ወገን ይደውላል እንዴ ብሎ ተቆጣት። ፀሐይ ከምንጣፉ ላይ ወጥታ ግድግዳው ላይ ስትደርስ ፈህሚያ ሰሃኖቹን ልታነሣ ገባች።

«አባባ፣ ሰውየው ሰኞ ሄዷል» አለች። «ዓይናዲስን ይዟት ሄደ። ቦታው አንድ ነበር።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

ቁጣ አልነበረባትም፣ አላለቀሰችም። ሰሃኖቹን ደራርባ ወጣች። ዐብደላ በማግስቱ ደወለ። አሰልጣኙ በትሕትና፣ ቦታው ተይዟል፣ ያልፈለጋችሁ መስሎኝ ነው አለ። ዐብደላ አመስግኖ ዘጋ። ሊናደድ ፈለገ፣ አልመጣለትም። ልቡ ሲተኙበት እንደደነዘዘ እጅ ሆነበት፤ አለ፣ ግን የራሱ አይመስለውም። ሱቁን ከፈተ፣ ለሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ሸጠ።

ዓመታቱ እንዲሁ ሄዱ። ፈህሚያ የኳስ ጫማዋን ሱቁ ጓዳ ሚስማር ላይ ሰቅላ ከአባቷ ጋር ጨርቅ መሸጥ ጀመረች። ጥሩ ሻጭ ሆነች፤ ትስቃለች፣ ታጫውታለች፤ ስለ ኳስ ግን አታነሣም። ዓይናዲስ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ ተጎዳ። አባቷ ጠይቆ ስለነበር ኮሌጁ አሳከማት፣ ትምህርቷንም ጨርሳ አስተማሪ ሆነች። አያ ውዱ ይህን በየገበያው አወራ። በየዓመቱም አንድ ስልቻ ባቄላ ለዐብደላ ያመጣለታል፤ የምክርህ ነው ይላል። ቦታው የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አያውቅም። ዐብደላ ተቀብሎ ያመሰግናል፣ ዙበይዳ ትቀቅላለች፣ ሦስቱም ይበላሉ። ምክር ፈላጊ አባቶች መምጣት የጀመሩትም ያኔ ነው። ዐብደላ አምስቱን ጥያቄ ይነግራቸዋል። ስድስተኛ ደግሞ ጨመረ፦ ቀጠሮ አትስጡ፣ እዚያው መልሱ። ፈህሚያ ከጎኑ ቆማ ጨርቅ ታጥፋለች።

በኋላ በኋላ ክንዱ እየለመናት እሑድ ጠዋት ትንንሽ ልጃገረዶች ማሠልጠን ጀመረች። ፊሽካ አንገቷ ላይ አጥልቃ ትወጣለች። ዐብደላ ፊሽካውን አይቷል። ምንድነው አላላትም፤ ደስ ብሎታል ግን።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ኅዳር፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሦስት ሰዎች መጡ። ጫማቸውን አውልቀው እነዚያ በተቀመጡበት ተቀመጡ። ከኢልያስ አባት የተላኩ ሽማግሌዎች ናቸው። ኢልያስ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለው ጨዋ ልጅ ነው። ፈህሚያ ሻይ አቀረበች። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዐብደላ ፈራ። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነበር። የቀዘቀዘው ሳምቡሳ ታየው፤ ግድግዳው ላይ የደረሰችው ፀሐይ ታየችው። እነዚህም ወጥተው ባይመለሱስ? ሽማግሌው ገና የኢልያስን አያት ስም እንኳ አላነሣም።

«ሰጥቻለሁ» አለ ዐብደላ።

ሰውየው ብርጭቆውን አፉ ደጃፍ ይዞ ቀረ። ለሦስት ምልልስ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አንዱንም ሳይናገር ቀረ። ከዚያ ተሳሳቁ፣ ዱዓ አደረጉ፣ በጊዜም ወጡ። ዐብደላ እስከ በር ሸኛቸው። የዛሬ አራት ዓመት ያበላሸውን ዛሬ ያቃናው መሰለው። ሲመለስ ፈህሚያ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

«አባባ፣ ለእነዚህ እንኳ ቀጠሮ ትሰጣለህ ብዬ ነበር» አለችው። «በሳምንቱ ልነግርህ ነበር።»

የምትነግረው ይህን ነበር። ክንዱ ባሕር ዳር ለሚሰጥ የአሰልጣኝነት ሥልጠና አስመዝግቧታል፤ ሦስት ወር ነው፣ ታኅሣሥ ይጀምራል። ኢልያስን አልጠላችውም። ብቻ በዚያ ሳምንት፣ ዘመድ ይመከርበታል በሚባለው ሳምንት፣ አባቷ እሷንም ጠርቶ የሚያማክራት መስሏት ነበር። አሁን ቃል ወጥቷል፤ የሰርጉም ወር እዚያው ታኅሣሥ ተብሏል። ዙበይዳ በሩ ላይ ቆማ አንዴ ባሏን አንዴ ልጇን ታይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ ሱቅ ውስጥ አንድ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ሊያጥፉ ዘረጉ። እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እሷ ሌላውን። ሚስማሩ ላይ ጫማዎቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። ዐብደላ ዕድሜውን ሙሉ ያልጠየቃትን ጠየቃት።

«ትፈልጊ ነበር?»

ፈህሚያ ጫፏን ይዛ ወደ እሱ መጣች፤ ጨርቁን ከእሱ ጫፍ ጋር አገናኝታ አስተካከለችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«የቱን?» አለችው።

አንዲት ሴትዮ ገብታ ለመጋረጃ የሚሆን ሦስት ሜትር ጠየቀች። ዐብደላ ለክቶ ቆረጠላት።