መያዣ የያዝኩት የልጄ ስልክ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ ሃምሳ ሦስት ቀን፣ ሠላሳ ነጥብና ልጄ ለእኔ ብላ የዋሸችው አንድ ውሸት ነው። ብር አልወጣበትም። ብር ቢወጣበት ኖሮ ቶሎ እነቃ ነበር።

አዳማ ውስጥ ባዶ የቲማቲም ሣጥን አከራያለሁ። ከመቂና ከቆቃ የሚመጣ ገበሬ ሣጥን ሲወስድ መታወቂያውን ወይም ስልኩን ያስይዛል፤ ሣጥኑን ሲመልስ ይረከባል። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ መነሃሪያ ውስጥ የተማርኩት ይኼንኑ ነው፤ መያዣ የሌለው ቃል ነፋስ ነው።

ልጄ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከክፍሏ አራተኛ ወጣች። ትምህርት ቤቷ በዓመቱ መጨረሻ እስከ አምስተኛ የወጡትን መርጦ ለዐሥራ ሁለተኛ ልዩ ክፍል ያስገባል፤ እሷም ከዚያ ክፍል ሌላ ሕልም አልነበራትም። ዐይኗ ከስልኳ አልነሳ ሲል፣ ደረጃዋን እንዳትለቅ ብዬ ስልኩን ያዝኩ።

«ካርድሽን ስታመጪ ትወስጃለሽ» አልኳት።

«አባዬ፣ ትምህርቱ እኮ እዚያ ውስጥ ነው።»

«ስልክ ያስያዘ ሁሉ እንደዚያ ይላል። አንዱ ብሬ እዚያ ውስጥ ነው ይላል፣ አንዱ ሚስቴ እዚያ ውስጥ ናት ይላል።»

ሁለተኛ አልለመነችኝም። ስልኩ ከገበሬዎቹ ስልኮች ጎን መሳቢያ ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲንጫጫ ዋለ። ወንዶች ናቸው ብዬ አጠፋሁት። ሣጥን ሊመልስ የመጣ የመቂ ደንበኛዬ የራሱን ሲፈልግ ሮዝ ልባስ ያለውን አየና «ኦቦ፣ ልጅህንም ሣጥን አከራየሃት?» አለኝ። ሳቅን። እኔማ በኩራት ነበር የሳቅኩት።

በሃምሳ ሦስተኛው ቀን የክፍል ኃላፊዋ መምህርት አስጠራችኝ።

«ጋሼ፣ የልጅዎ ስልክ ከጠፋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የክፍል ጓደኞቿ ሊገዙላት እያዋጡ ስለሆነ፣ ሳይሰሙ ቢቀሩ ቅር ይልዎታል ብዬ ነው።»

«ጠፋ ያለው ማነው?»

«እሷ ናት።»

 የነጋዴ ልጅ መዋጮ ሲሰበሰብላት ስልኩ እኔ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። መምህርቷ የራሷን ስልክ አውጥታ የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ አሳየችኝ። ኖት፣ የቤት ሥራ፣ የፊዚክስ ቪዲዮ፤ ጣቷ ቢገፋ ቢገፋ አያልቅም።

«ሰሌዳውስ?» አልኳት።

«ሰሌዳው አለ። ግን በአርባ ደቂቃ ለዚህ ሁሉ ልጅ ጽፌ አልጨርስም፤ ርዕሱን እጽፋለሁ፣ የቀረው እዚህ ነው። ሦስት አጫጭር ፈተናም በዚሁ ሰጥተናል፤ እያንዳንዱ ዐሥር ነጥብ። በአባትሽ ስልክ ሥሪ ብያት ነበር፤ የአባቴ ኢንተርኔት የለውም አለችኝ።»

እሱ እንኳ እውነት ነው።

እኔ ስማር አንድ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ነበር። ችግራችን መጽሐፍ ማጣት ነበር። መጽሐፉ ያለውን ልጅ፣ መጽሐፉን ቆልፎበት «በል አጥና» የሚል አባት ግን በሰፈራችን አልነበረም። እኔ የመጀመሪያው ሆንኩ።

ቤት ገብቼ ስልኩን ሰጠኋት። ገና ሲበራ መልእክቱ እንደ ሐምሌ በረዶ ወረደ። ፈተናዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ሦስቱም «ጊዜው አልፏል» ይላሉ።

«መምህርሽን ላነጋግራት» አልኩ።

«አባዬ፣ እሷ አይደለችም የዘጋችው። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል።»

ስንት ዓመት በዋጋ ስከራከር ኖሬ፣ የሚለምኑት ፊት የሌለው ነገር ሲገጥመኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለምን ጠፋ አልሽ ታዲያ?»

ከስልኩ ቀና አላለችም። «ይስቁብሃል ብዬ።»

ሰኔ ላይ ካርዷ መጣ። ደረጃ፣ ዐሥራ አራተኛ። ልዩ ክፍል፣ አልገባችም። ስልኩ እሷ ጋ ነው።