የናሆም ፒካፕና ትልልቆቹ ጎማዎች

ልጄ ናሆም ማረፉን የነገሩኝ ቀን፣ አሮጌ ፒካፑ ግቢያችን ውስጥ ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር። ባሌስትራውን ከፍ አስደርጎ፣ ትልልቅ ጎማ አዝዞ እየጠበቀ ነው የሞተው።

ጎማዎቹ ከተቀበረ በኋላ መጡ። እሁድ አርባው ነው። ቤተ ክርስቲያን በእሱ መኪና ካልሄድኩ ብዬ ዛሬ ናኪቩቦ ከሚባለው ሰፈር ጎሚስታ አስጠራሁ።

ጎማው ገባ። መሪው ሲዞር ግን ከላዩ ያለውን የፓራፋንጎ ብረት ይፍቃል። ወደ ቀኝ ይፍቃል፣ ወደ ግራ ይፍቃል። ሲያወልቁ ሲመልሱ ዋሉ።

«ማማ ናሆም፣ ብረቱን እንቁረጠው» ይለኛል ጎሚስታው።

«ልጄ በእጁ የቀባውን? አይነካም!»

አንዷ ጎረቤቴ ጭራሽ «ሽጪውና ተገላገይ» አለችኝ። መገላገል የምፈልግ መስሏታል።

የናሆም ጓደኛ ዮናስ መኪናው ስር ገብቶ ወጣ። «ማዘር፣ እስቲ ይዩ። ናሆም ራሱም ሊቆርጠው ነበር።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከብረቱ በውስጥ በኩል በጠመኔ አስምሮበታል። የልጄ እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር መቼም አልሆነለትም።

«በሉ ቁረጡ» አልኩ። ቁራጩን እንዳይጥሉት ቀድሜ አነሳሁት።

አሁን መሪው እንደ ልብ ይዞራል። በረጅም ቀሚስ እንዴት እዚያ ላይ እንደምወጣ ግን ማንም አላሰበበትም!

የሞተባችሁ ሰው ጀምሮት የቀረ ነገር የጨረሳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እሁድ ደግሞ ባላችሁበት ሆናችሁ የልጄን ነፍስ በጸሎት አስቡልኝ።