የመጋዘኑ በር ሰንሰለት

እስቲ ያንን የትራክተር ሹፌር እዩት። ቁጥቋጦውን መመንጠር ከመጀመሩ በፊት ወርዶ መስኩን በእግሩ ያስሳል፤ ድንጋይና የሽቦ ቁራጭ እየለቀመ ኮቱ ኪስ ይከታል። ኪሶቹ ተዘርጥጠው ጉልበቱ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ግራ ዓይኑ የለችም፤ ከትራክተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ስለት ያስፈነጠረው ጠጠር ነው ያጠፋት።

አለቃው ጥላ ስር ተቀምጦ ይጮህበታል፦ "ጋሼ፣ ድንጋይ ለቃሚ ነው እንዴ የቀጠርነው?"

"አንዷን ዓይኔን በልታችኋል፤ በቀረችው የልጄን ልጅ ላይባት ነው" ይላል ቀና ሳይል። ሴት ልጁ መውለጃዋ ደርሷል።

ፈሪ እንዳይመስላችሁ! ጠጠር የሚያስቀር የሰንሰለት መከለያ ከማሽኑ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። ቅርንጫፍ እየተጠመጠመበት ሥራ ያጓትታል ብለው እነ አለቃው ፈቱት፤ ሰንሰለቶቹን ቀጣጥለው የመጋዘኑን በር ቆለፉበት። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ደግሞ አካፋና ባዶ በርሜል ነው። ለባዶ በርሜል ዘብ ቆሞለት የሰው ዓይን ሜዳ ላይ ይጣል?

በዚያ ካለፋችሁ "መስኩ እንዴት አማረ!" ብላችሁ ብቻ እንዳትሄዱ። አለቃውን ጠርታችሁ "ሰንሰለቱን ከበሩ ፍታና ቦታው መልስ" በሉት። እባካችሁ፣ ሰውየው የልጅ ልጁን ሳያይ እንዳይቀር፣ ዛሬውኑ በሉት።